አንስታይን ትምህርት ጠል ነበርን?

ባለፈው ክረምት ወግዲ ቤታችን ውስጥ፣ የቡናው ቶና እየተቀዳ ሳለ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰው ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ሊተው መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አንስታይንም እኮ ፈተና ወድቋል» አለኝ። እናታችን አንስታይን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀች።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ቀን የባንክ ጸሐፊ፣ ማታ ግጥም ሞካሪ ነኝና፣ ከቢሮ ወንበር ሳይነሣ ዓለምን ለወጠ የሚባለው የዚያ ሰው ታሪክ ለእኔም መጽናኛ ሆኖ ኖሯል። ትምህርቴን የመቀጠሉን ሐሳብ በየዓመቱ ሳሳድር የምደገፈው በእርሱ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን እንደገና መመርመር ግድ ሆነብኝ።

እውነት ነው፤ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና አላለፈም። ዕድሜው ግን ዐሥራ ስድስት፣ ከተለመደው በሁለት ዓመት ያነሰ ነበር። የጎደለውም በሌሎች ትምህርቶች እንጂ በሒሳብና በፊዚክስ አልነበረም፤ በእነዚህስ ፈታኞቹን አስደንቋል። ከወደቀ በኋላ ምን አደረገ? አራው በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቀቀ፤ በ1896 ፖሊቴክኒኩ ገባ፤ በ1900 በሒሳብና በፊዚክስ መምህርነት ተመረቀ። ከክፍል መቅረት ያበዛ እንደነበር አይካድም። ለፈተና የደረሰለት ጓደኛው ማርሴል ግሮስማን በጥንቃቄ የጻፈው ደብተር ነው። ይኸው ግሮስማን ኋላ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ ከ1912 ጀምሮ ለአጠቃላይ አንጻራዊነት ቲዎሪ የሚያስፈልገውን ሒሳብ አብሮት ሠርቷል።

በበርን የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት የተቀጠረው እንግዲህ ይህን ሁሉ ተምሮ፣ በ1902 ነው። ስመ ጥር ጽሑፎቹን ባሳተመበት በ1905ም ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን አቅርቧል። ጥናቱ በውኃ ከሟሟ ስኳር ተነሥቶ የሞለኪውልን መጠን ያሰላል። በዚያው ዓመት፣ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት የሚዋልሉበትን ምክንያት፣ ማለትም የብራውንን እንቅስቃሴ፣ በስሌት አስረዳ።

ይህ የቅንጣቶች ጉዳይ ወደ አገራችን ይመልሰኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እዚሁ፣ ሁለተኛውን በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በደርግ ዘመን ታሰሩ፤ የምርምር ዕድሜ የሚባለውን ዓመታት ወኅኒ በላው። ከዚያ የወጣ ሰው «ጊዜዬ አልፏል» ቢል ማን ይፈርድበታል? እርሳቸው ግን ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ ከአርባ ዓመት ዕድሜ በላይ ሆነው፣ ሕንድ ባንጋሎር ከሚገኘው የሳይንስ ተቋም እንደገና በተማሪ ወንበር ተቀመጡ፤ ዶክትሬታቸውንም ይዘው ተመለሱ። በ2004 ከመስፍን አስፋው ጋር ያሳተሙት ጥናት በዚያው በብራውን እንቅስቃሴ ስለሚሠራ እጅግ ደቃቅ የሙቀት ሞተር ነው። አንስታይን በ1905 የጀመረው ስሌት፣ መቶ ዓመት ሊሞላው አንድ ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ ተቀጠለ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርም በ2012 ለሰብአዊ መብት ለሚታገሉ ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት አበረከተላቸው።

ለወንድሜ ይህን አጫወትሁት፤ ስለ ስኳሩም፣ ስለ ወኅኒውም። «ታዲያ ተምረዋላ!» አለች እናታችን፣ በረካውን እየቀዳች። ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ ሲኒውን ያማስል ነበር። ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ አልተናገረም፤ እኔም አልተጫንሁትም።

መስከረም ሲጠባ ይመዘገብ እንደሆነ እናያለን። ወደ ሥራዬ ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ተሳፈረ፤ ሙሉጌታ በቀለን ሰባት ቁልፍ አላስቀራቸውም፤ እኔን ያስቀረኝ ማን ነው? በሩ ክፍት ነበር።