በወር አንዴ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩት! የቆዳ ካንሰር እኛ ላይ የት እንደሚደበቅ እንንገራችሁ

“ድንጋይ መትቶኝ ነው።” “እሾህ ወግቶኝ ነው።” “ኧረ ማርያም ስማኝ ነው!”

ሰቆጣም ሆነ ድሃና፣ ጋዝጊብላም ሆነ ዝቋላ፣ እግር ላይ ጥቁር ነገር ሲታይ መልሳችን ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነን። ዛሬ የምናወራው ልክ ስለማንሆንበት ጊዜ ነው።

ቦብ ማርሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ1997 ዓ.ም. 60ኛ የልደት በዓሉ መስቀል አደባባይ ላይ በትልቅ ኮንሰርት ተከብሮለታል። አውራ ጣቱ ጥፍር ስር የነበረው ቁስል ኳስ ሲጫወት የደረሰበት ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሲመረመር ግን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ሲመከር አልተስማማም። ካንሰሩ ተሰራጭቶ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ አረፈ።

ጥቁር ቆዳ ከጸሐይ የሚከላከል ሜላኒን በብዛት ስላለው ሜላኖማ እኛ ላይ ብዙ አይታይም። ሲመጣ ግን በአብዛኛው ጸሐይ በማይነካው ቦታ ነው፤ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። እዚያ ደግሞ ማንም አያይም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከረፈደ በኋላ ነው።

ምን እንፈልግ?
👉 አዲስ የወጣ ወይም ቅርጹ፣ ጠርዙ፣ ቀለሙ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ፤ በተለይ ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ
👉 አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፤ ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ካለፈ ጊዜ አትስጡት
👉 ከ4 ሳምንት በላይ ያልዳነ ወይም ድኖ እንደገና የሚደማ ቁስል
👉 በቆየ የእሳት ጠባሳ ላይ እንደገና የሚወጣ ቁስል ወይም እብጠት

አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ግን ይለያል። ሜላኒናቸው አነስተኛ ስለሆነ ጸሐይ በቀጥታ ይጎዳቸዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የጸሐይዋ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ፊታቸውን፣ ጆሯቸውንና አንገታቸውንም በየጊዜው በባለሙያ ያስመርምሩ።

እንዴት እናስታውስ?
ወር በገባ በ1 ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። እግራችሁን ታጥባችሁ ገልብጡት፤ በጣቶቻችሁ መሐል፣ ተረከዛችሁንና ጥፍራችሁን እዩ። የምትጠራጠሩት ነገር ካለ ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ በሚቀጥለው ወር አወዳድሩት። ጀርባችሁን ወንድም ወይም እህት ይይላችሁ። ሴቶች፣ ለሻደይ እንሶስላ ከመሞቃችሁ ወይም ጥፍር ከመቀባታችሁ በፊት እዩት፤ ቀለም ይሸፍነዋል።

አጠራጣሪ ነገር ካገኛችሁ በምላጭ አትንኩት፣ አትተኩሱት። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሪፈር ወደ ቆዳ ሐኪም። አዲስ አበባ ያለው አለርትም በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ቆርጦ በማውጣት ሊድን ይችላል። ወደ ብሽሽት ዕጢ ወይም ወደ ሳንባ ካለፈ ግን ሕክምናው በጣም ይከብዳል።

የመጨረሻው ነገር። ይህ በሽታ የሚበዛው በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ጎንበስ ብለው ውስጥ እግራቸውን ማየት ያቅታቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ማታ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን እግር ስታጥቡ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጥ እግራቸውን እዩላቸው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉት።