የሰዓት ኳስ በቻይና ወደቦች

በኦፒየም ጦርነት የተሸነፈችው ቻይና እ.ኤ.አ. በ1842 በተፈረመው የናንኪንግ ውል አምስት ወደቦችን ለውጭ ነጋዴዎች እንድትከፍት፣ ሆንግ ኮንግንም ለብሪታንያ እንድትለቅ ተገደደች። በነዚህ ወደቦች የሰፈሩት የውጭ ዜጎች ባንኩን፣ ፍርድ ቤቱንና ፖሊሱን እንደየአገራቸው ልማድ ካቋቋሙ በኋላ፣ ጊዜንም በራሳቸው ሥርዓት ለሕዝብ ያውጁ ጀመር።

የዚህ መነሻው የመርከብ ጉዞ ነበር። በዚያ ዘመን መርከበኛ በውቅያኖስ ላይ ያለበትን ኬንትሮስ ያውቅ የነበረው ክሮኖሜትር በተባለው ትክክለኛ ሰዓት አማካይነት ነበር። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ የ4 ሰከንድ ስሕተት በምድር ወገብ ላይ የአንድ የባሕር ማይል ስሕተት ያስከትላል። ስለሆነም ወደብ የደረሰ መርከብ ሁሉ ሰዓቱ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ማረጋገጥ ነበረበት። ለዚህ ተግባር መድፍ አይበቃም፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ መርከብ የሚደርሰው 3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነውና። በዓይን የሚታይ ምልክት ግን ይህ ጉድለት የለበትም። ስለዚህም በግሪኒች ከ1833 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው፣ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ በተወሰነች ሰከንድ የሚወድቀው ኳስ ተመረጠ።

በሆንግ ኮንግ የምርምር ጣቢያው በ1883 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ዊልያም ዶበርክ ነበር። ከጥር 1 ቀን 1885 ጀምሮ በጺም ሻ ጹይ የፖሊስ ጣቢያ የተተከለው ኳስ በየዕለቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይወድቅ ጀመር። በ1908 ከመርከቦች ይበልጥ እንዲታይ ወደ ኮረብታ ተዛወረ። በሻንግሃይ ደግሞ የየሱሳውያን ካህናት በዚካዌይ ባቋቋሙት የምርምር ጣቢያ እየተመራ፣ በ1884 በፈረንሳይ ሰፈር የወንዝ ዳርቻ ተመሳሳይ ምልክት ቆመ። እዚያ ስሌቱ የካህናት፣ ሥፍራው የፈረንሳይ አስተዳደር፣ ተጠቃሚው ግን የየአገሩ መርከብ ነበር።

ቻይናውያን ከዚህ በፊት ጊዜ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ዕለቱን በ12 ክፍል ከፍለው፣ የሌሊቱን ዘብ በከበሮና በደወል ማማ ሲያስታውቁ ብዙ ዘመናት አልፈዋል። ኳሱን የወደቡ ወዛደርም ቀና ብሎ ያየው ነበር፤ ዳሩ ግን የተተከለው ለእርሱ ተብሎ አልነበረም። በ1904 የሆንግ ኮንግ አስተዳደር ከግሪኒች በ8 ሰዓት የሚቀድመውን ጊዜ ሲቀበል፣ የከተማው ሰዓት በሙሉ 23 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ተገፋ።

ከዚያ በኋላ የሬዲዮ ምልክት መርከቦችን በባሕር ላይ ሳሉ ይደርሳቸው ስለነበር፣ የሆንግ ኮንግ ኳስ ሰኔ 30 ቀን 1933 አገልግሎቱን አቆመ። በሻንግሃይ በ1907 የተሠራው የምልክት ማማ በ1993 ከቦታው ፈቀቅ ተደርጎ እስከ ዛሬ ቆሟል። ለመርከቦች ሲባል በወደቦቹ የተለመደው የ8 ሰዓት ልዩነትም፣ የቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ በ1949 ከተመሠረተች ወዲህ ከምሥራቅ ባሕር ዳርቻ እስከ ምዕራብ ተራሮች ድረስ የአገሪቱ ብቸኛ ይፋዊ ሰዓት ሆኖ ይሠራበታል።