ቤቱ ሲርቅ አውቶቡሱ ቀረ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀሞ፣ አያት ወይም ቱሉ ዲምቱ ፌርማታ ላይ የሚረዝመው ሰልፍ አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰልፉን ለማስረዳት የሚቀርቡት ምክንያቶችም የታወቁ ናቸው፤ አውቶቡስ አነሰ፣ ባለታክሲው ስግብግብ ሆነ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ሕዝቡ በዛ። ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የከተማዋን ታሪክ ከሥሩ ለሚመረምር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ምክንያት አለ። ሰው የሚያድርበትና የሚሠራበት ቦታ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ መንግሥት፣ ሆን ተብሎ በውሳኔ ተራርቋል፤ ርቀቱን የፈጠረው አካልም የርቀቱን ዋጋ በየጊዜው ለተሳፋሪው ትቶለታል። ተሳፋሪው የሚከፍለው ደግሞ በብር ብቻ ሳይሆን በዕድሜው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንገድ አልነበራትም፤ የነበራት ሰፈር ነው። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ኮረብታ ኮረብታውን ይዘው ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለእጁ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ራስ ሙሉጌታ እየተባሉ በመኳንንት ስም ሲጠሩ የኖሩት ሰፈሮች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈርም ባለሙያው የሰፈረበት ነው። በዚህ አኗኗር ሰው ከሚሠራበት ርቆ አያድርም። ከሰፈር ሰፈር ያለው ርቀት ትንሽ አልነበረም፤ መሀሉ ወንዝ፣ ገደልና ዱር ነው። ጌታው በበቅሎ፣ ሎሌው በእግሩ ይሻገረዋል። ሆኖም ያ ጉዞ ለግብር፣ ለሙግት፣ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን የሚደረግ እንጂ በየማለዳው ለእንጀራ የሚደረግ አልነበረም። መኪና በምኒልክ ዘመን ቢገባም፣ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢደርስ፣ የተራውን ሰው የዕለት ኑሮ የወሰነው የሰፈሩ አቀማመጥ ነው።

ይህን አሰፋፈር በፕላን ለመስበር የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው የጣሊያን ወራሪ ነው። የፋሽስቱ የከተማ ፕላን አውሮፓዊውንና ያገሩን ሰው በዘር ለይቶ ለማስፈር የታቀደ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ሄደ፤ አዲስ ከተማም ያገሬው ሰው መኖሪያ እንዲሆን ታሰበ። ዕቅዱ በአምስት ዓመት ውስጥ አላለቀም፤ የገበያው መዛወር ግን ጸና። መሥሪያ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ባቡር ጣቢያውና ገበያው በየፊናቸው ስለቆሙ በመርካቶና በአራዳ፣ በለገሃርና በአራት ኪሎ መካከል በየቀኑ የሚመላለስ ሕዝብ ተፈጠረ። የከተማ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተንቀሳቀሰው ጣሊያን ጥሏቸው በሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች መሆኑ ታሪካዊ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ወራሪው ርቀቱንም መኪናዎቹንም ትቶ ነበር የሄደው፤ ርቀቱ ግን ከመኪናዎቹ እጅግ ይበልጥ ነበር።

በ1940ዎቹ አገልግሎቱ የንጉሣውያን ቤተሰብ ድርሻ ወዳለበት አክሲዮን ማኅበር ዞረ። የመስመሮቹ ቁጥር እየጨመረ፣ ከተማዋም በአውቶቡሱ ላይ እየተደገፈች ሄደች። ምን ያህል እንደተደገፈች የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። የዓለም የነዳጅ ቀውስ ያመጣው የዋጋ ጭማሪ በታወጀ በቀናት ውስጥ፣ የካቲት 11 ቀን፣ የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ። መምህራን አድማ መቱ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። መንግሥት ሳይውል ሳያድር የነዳጁን ዋጋ ቢቀንስም የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወሩ ሳይወጣ ሥልጣን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ሁሉ የታሪፍ ነገር እሳት መሆኑን አልዘነጉም። የአውቶቡስ ሒሳብ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ተደጉሟል፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት አጠቃላዩ የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር እንኳ የሕዝብ ማመላለሻዎች በልዩ ድጎማ እንዲቀጥሉ ተደርጓል። ይህ መልካም ነው። ጉድለቱ ያለው ከ1966ቱ የተወሰደው ትምህርት በሳንቲም ላይ በመቆሙ ነው። ታሪፍ በአዋጅ ይወጣል፣ ሲጨምር ሰው ይቆጣል። ፌርማታ ላይ የሚጠፋ ሰዓት ግን ታሪፍ የለውም፤ በየዓመቱ ቢጨምር ማንም አያውጀውም፣ ማንም በበጀት ሰነድ ላይ አያሰፍረውም። ስለዚህ መንግሥት የትራንስፖርትን ዋጋ ዝቅ አድርጌያለሁ ሲል በብር ልክ ነው፤ በሰዓት ሲታይ ግን ዋጋው ሳያቋርጥ ጨምሯል።

የደርግ ዘመን ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሰጣል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የቤት ኪራይም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት የያዘ ድሀ በዚያ ኪራይ ሌላ ቤት ስለማያገኝ ከቦታው አልነቃነቅ አለ፤ ልጆቹም እዚያው ጎጆ ወጡ። ቤቱ አረጀ፣ ጣሪያው ዛገ፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተሰብ ተጋራው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በጎን የተገኘው ጥቅም ግን በቅጡ አልተመዘገበም፦ ካዛንቺስ፣ ልደታ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳና መርካቶ ዙሪያ የሚኖረው ባለ ዝቅተኛ ገቢ ሥራው ዘንድ በእግሩ ይደርስ ነበር። ያኔ የተወረሰው የአውቶቡስ ድርጅት አቅሙ ውስን ነበር፤ ነዳጅም በራሽን ነበር፤ ክፍተቱን ሰይቼንቶና ውይይት የሚባሉት ታክሲዎች በከፊል ሞሉት። ከተማዋ ግን አልቆመችም። በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝቧ ሥራውን የሚያገኘው በአመዛኙ በእግሩ ሄዶ ነበርና። ብዙ ቆይቶ የተደረጉ ጥናቶች እንኳ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር እንደነበር አሳይተዋል። ትልቁ የከተማዋ ማመላለሻ፣ ማንም ሳያቅደው፣ መሀል ከተማ ያለው ርካሽ ቤት ሆኖ ኖሯል።

ይህ ከግምት ሳይገባ ነው የኋለኛው ለውጥ የመጣው። በ1984 ዓ.ም. የየብስ ትራንስፖርት ለግሉ ዘርፍ ተከፈተ፤ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ከተማዋን ሞሉ። በ1986 አውቶቡሶቹን ያስተዳድር የነበረው ኮርፖሬሽን ተከፋፍሎ አንበሳ የከተማ አውቶቡስ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ተጀመረ። ሕዝቡ በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን መድረሱ እንደሚያሳየው ቤት መሥራት የግድ ነበር። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው። ልደታን በመሳሰሉ ጥቂት ቦታዎች በመሀል ከተማ ተሠርቷል፤ ትልልቆቹ ሳይቶች ግን ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያሉ ወደ ዳር ወጡ፤ ዳር ያለው መሬት በሰፊው ይገኛል፣ የሚነሳው ሰው ጥቂት ነው፣ ካሳውም ያንሳል። መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉና ገበያው ባሉበት ቆዩ። የቤቱ ዋጋ ሲሰላ ሲሚንቶው፣ ብረቱና የባንክ ወለዱ ተደምረዋል። ባለቤቱ ወደ ሥራ ለመሄድ በቀሪ ዕድሜው የሚያወጣው ሰዓት አልተደመረም።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሩቅ ከሆነ አውቶቡስ መጨመር ነው መፍትሔው፣ ሌላው ነገር ሰበብ ነው ይባላል። አውቶቡስ ግን ተጨምሯል። በቢሾፍቱ የተገጣጠሙት ገቡ፤ ለመንግሥት ሠራተኛው ፐብሊክ ሰርቪስ መጣ፤ ሸገር የተባለው የአውቶቡስ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ሰልፉ ለጊዜው ቀለል ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ጠዋትን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሠራተኛው ሁሉ 2:30 መሥሪያ ቤቱ መገኘት ስላለበት የዳሩ ሕዝብ በአንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነሳል። አውቶቡሱ መነሻው ላይ ይሞላል፤ ትኬት ቆራጩ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» እያለ እስከ በሩ ያጭቃል፤ መሀል ያሉት ፌርማታዎች ላይ የቆመው ሰው አውቶቡሱ ሳይቆም ሲያልፈው ያያል። የደረሰው አውቶቡስ ሲመለስ ባዶውን ነው። ዙሩን በአንድ ሰዓት የሚጨርስ አውቶቡስ በሦስቱ የጠዋት ሰዓታት ሦስት ጊዜ ይጭናል፤ መንገዱ ረዝሞና ተጨናንቆ ዙሩ ሦስት ሰዓት ከፈጀ የሚጭነው አንዴ ነው። ስለዚህ ቤቱ በራቀ ቁጥር ያው አውቶቡስ እንደ ሲሶ አውቶቡስ ይቆጠራል። የዘገየውን አውቶቡስ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፦ በዘገየ ቁጥር ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፣ ብዙ ሰው ባሳፈረ ቁጥር የበለጠ ይዘገያል፣ ከኋላው የተነሳው ባዶ ሆኖ ይደርስበታል። ለአርባ ደቂቃ አንድም አጥቶ የቆየ ሰው ሁለት ተከታትለው ሲመጡ ሆን ተብሎ የተሠራበት ይመስለዋል፤ ማንም ግን አላደረገውም። አውቶቡስ ለብቻው የሚሄድበት መስመር ይህን በከፊል ሊፈታው ይችላል። ከዊንጌት ጀሞ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ዓመታት ያስቆጠረ ዕቅድ ሆኖ ሳለ፣ የቤቶቹ ቁልፍ ግን መስመሩን ሳይጠብቅ ተላልፏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥፋቱን ወደ ባለታክሲው ያዞራል። ማምሻ ላይ መንገድ ያቆራርጣል፤ ከሜክሲኮ ጀሞ መጫን ያለበት ግማሽ መንገድ ላይ አራግፎ ሌላ ሒሳብ ያስከፍላል፤ ትርፍ ይጭናል፤ ታፔላውን አውርዶ ሌላ መስመር ይሠራል። ይህን የሚያደርግ ሹፌር ተሳፋሪውን እየበደለ ነው፤ ምሽት ላይ ልጅ ታቅፋ መሀል መንገድ የምትወርድ እናት መበደሏ በምንም ሰበብ አይቀልም። ነገር ግን ታሪፉ የተሠራው በኪሎ ሜትር ነው፤ ሹፌሩ ለባለንብረቱ ገቢ የሚያስገባው በቀን ነው። መንገዱ በተዘጋጋበት ሰዓት ረጅሙ መስመር ከአጭሩ ያነሰ ስለሚያስገኝ ረጅሙ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ሁሉም ይሸሸዋል። ተራ አስከባሪም ትራፊክ ፖሊስም ቆሞ አንዱን ሊቀጣ ይችላል፤ የመስመሩን ርዝመት ግን አያሳጥረውም። ቅጣት ብቻውን ችግሩን የሚፈታው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በፈታው ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሊከበርም ይገባል። የቀበሌ ቤት ይፈስ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ውኃ፣ ለልጁ የሚያወርሰው ንብረት አግኝቷል፤ የመንገድ እንግልት የዚህ ክፍያ ነው ይላል። ብዙ ባለቤቶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ቤቱን የሚመልስ የለም። ቢሆንም ክፍያው በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። መኪና ያለው ወይም የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ የሚወስደው ሰው ርቀቱን ይችለዋል። ከተማ መሀል ጉሊት ትቸረችር የነበረች፣ ልብስ በማጠብ ወይም እንጀራ በመጋገር ትተዳደር የነበረች ሴት ግን ሥራዋ ከሰፈሯ ጋር የተያያዘ ነው፤ ደንበኞቿ የሰፈሯ ሰዎች ናቸው። እሷ ዳር ስትወጣ በየቀኑ የሁለት መንገድ ሒሳብና በርካታ ሰዓታት ይጨመሩባታል፤ ካልሆነም ሥራውን ትተዋለች። ማከራየቱ ኑሮን የሚያቀልለት ብዙ የኮንዶሚኒየም ዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ ራሱ መሀል ከተማ ጠባብ ክፍል የተከራየው የቦታን ዋጋ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ምርጫ ራሱ ዕቅድ አውጪዎቹ ያልሰሙት ምስክርነት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና አካባቢው ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ቦሌ አራብሳ ሄደዋል። በተነሱበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ከተማዋ ለረጅም ዘመን የሚያስፈልጋት ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ወደ ሥራው በእግሩ ሊሄድበት ይችል የነበረው ሰው አሁን ማለዳ አውቶቡስ ይጠብቃል። ለተነሺ ቤተሰብ የሚቆጠረው ካሳ የቤት፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የኪራይና የመሳሰለው ነው፤ የጉዞ ሰዓት የሚባል መደብ የለውም። ይህ መደብ ቢኖር፣ ማለትም አንድ ሳይት ሲመረጥ ነዋሪው በየቀኑ የሚያጠፋው ሰዓት በገንዘብ ተሰልቶ ከመሬቱ ዋጋ ጋር ቢደመር፣ ርካሽ የሚባለው የዳር መሬት ምን ያህል ርካሽ ሆኖ እንደሚቀር ማየት ይቻል ነበር። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም፤ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳና ስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚመዘግቡት ድርጅቶች ቁጥሩን በእጃቸው ይዘውታል።