በማደሪያ ቤት የሚኖሩ የሥራ ውሾች ደኅንነትና የሥራ ብቃት

የሥራ ውሻ የሚባለው ለጥበቃ፣ ፈንጂንና አደንዛዥ ዕፅን ለማነፍነፍ ወይም የጠፋ ሰውን ለመፈለግ የሠለጠነ ውሻ ነው። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜ በአብዛኛው በማደሪያ ቤት ስለሚያሳልፍ፣ የማደሪያው ሁኔታ የሥራ ብቃቱን ይወስናል።

የጭንቀት ምልክቶች

በአንድ ቦታ ደጋግሞ መሽከርከር፣ ያለማቋረጥ መጮኽ፣ እግርን እስኪቆስል መላስና ምግብ መተው የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ሕመምም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ውሻው በቅድሚያ በእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። መቅጣት ተገቢ አይደለም፤ ቅጣት ጭንቀቱን ያባብሳል፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታውንም ያዳክማል።

ሙቀትና የማሽተት ችሎታ

ውሻ የሰውነት ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋናነት በማለክለክ ነው። በሚያለከልክበት ጊዜ በአፉ ስለሚተነፍስ በሚገባ ማነፍነፍ አይችልም። ጥላ በሌለው ማደሪያ የዋለ አነፍናፊ ውሻ ሥራውን የሚጀምረው ደክሞ ነው።

ከባለቤቶችና ከድርጅቶች የሚጠበቅ

1. ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከብርድ የሚከላከል፣ አየር የሚዘዋወርበት ማደሪያና ደረቅ መኝታ ማዘጋጀት፤
2. ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም እንዳይለየው ማድረግ፤
3. ማደሪያውን በየቀኑ ማጽዳት፤
4. ውሻውን በየቀኑ አውጥቶ ማንቀሳቀስ፣ ከተንከባካቢው ጋር የሚጫወትበት ጊዜ መስጠት፤ የጥበቃ ውሻንም ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ አለማዋል፤
5. የእብድ ውሻ በሽታን ጨምሮ ክትባቶችን በወቅቱ ማስከተብና የክትባት ማስረጃውን መያዝ።

ለክትባት፣ ለሕክምናና ለምክር አገልግሎት በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይሂዱ።