በቀይ ቀለም የተጻፈ ተመስገን

ቁም ጸሐፊ የመጨረሻውን ቅጠል ስለጨረሰ ብቻ ብዕሩን አያስቀምጥም። ወራት የፈጀ ሥራ ነው፤ የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተፍቆ፣ ተወጥሮ ብራና ሆኗል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተበጥብጦ ሰንብቷል፤ መቃው ደንዝዞ ስንት ጊዜ ተቀርጿል። ስለዚህ ከዓምዱ ሥር ጥቂት መስመር ይጨምራል። አስጀምሮ ላስፈጸመው አምላክ ምስጋና ያቀርባል፤ ላስጻፈው ሰው ምሕረት ይለምናል፤ እግረ መንገዱንም አንባቢው የእሱን የጸሐፊውን ስም በጸሎት እንዳይረሳ አደራ ይላል።

ዛሬ በየማታው ደብተር ከፍተው ያመሰገኑበትን ነገር የሚመዘግቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ በዝተዋል። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ምስጋና ብራና ላይ መስፈር ከጀመረ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። እዚህ የተጻፈው ተመስገን በጸሐፊው ሣጥን ተቆልፎ አይቀርም፤ ሌላ ሰው እንዲያነበውና እንዲጸልይበት ታስቦ የሚጻፍ ነው።

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ ነገሥታቱና መኳንንቱ አብያተ ክርስቲያናት ተከሉ፤ ለተከሉትም መጻሕፍት አስጻፉ። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ሲጻፍ ያስጻፊውም ስም በዚያው ቀይ ቀለም ይገባል። ለፊደል ሩቅ የሆነ ምእመን እንዲያየው ደግሞ ሥዕል አለ። ጣና ሐይቅ ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። አገር የሚያንቀጠቅጡ እቴጌ በሥዕሉ ከሁሉ ዝቅ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ሰው ግን መጽሐፍ የሚያስጽፍበት አቅም የለውም። ፊደል የቆጠረ ሰው ዳዊት ይደግማል። ዳዊቱ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ዘመቻም አብሮ ይሄዳል። 150ው መዝሙር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፍሎ ይደገማል፤ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቆያሉ። ውዳሴ ማርያምም የሰኞ፣ የማክሰኞ እየተባለ ለሰባቱ ቀን ተመድቧል። ደጋሚው ዛሬ ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም፤ ቀኑ ራሱ ቃሉን ይዞለት ይመጣል። በዚያ ቃል ውስጥ ደግሞ ከምስጋናው ጎን እሮሮ አለ፤ ጠላት የከበበው፣ ወዳጅ የከዳው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጩኸት። ደጋሚው ያንን ሳይዘል ነው ተመስገን ላይ የሚደርሰው።

በዚህ ረገድ ከጎንደር ብዙ የማይርቀው እንፍራንዝ አንድ ባለታሪክ አለው። ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ እንደሚተርከው፣ በአክሱም አካባቢ የተወለደው መምህር ዘርአ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ሲሸሽ ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ፤ የብቻ ኑሮውን የገፋውም መዝሙሩን እየደገመና እየመረመረ ነው። ኋላ እንፍራንዝ ገብቶ በጽሕፈት ሥራ ኖረ፤ ትዳር ያዘ፤ ሕይወቱንና ሐሳቡንም በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ጻፈ። የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያገኘሁት እኔ ነኝ ያለው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ አንድ የተሰደደ ሰው በዳዊት ሰላም ሲያገኝ መሣሉ ለአገሬው አንባቢ እንግዳ አይደለም።

የዘመናችን ተመራማሪዎች የምስጋናን ነገር በሌላ መንገድ ደረሱበት። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማኩላው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ደብተር አከፋፈሉ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ቡድን በሳምንት አንዴ፣ ለ10 ሳምንት፣ እስከ 5 የሚደርሱ ያመሰገነባቸውን ነገሮች ጻፈ፤ ሌላው ያማረረውን፤ ሦስተኛው የገጠመውን ሁሉ። ምስጋና የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። ጥናቱ ምሬትንና ምስጋናን ለሁለት ቡድን ለያይቶ ሰጠ፤ ዳዊት ግን ሁለቱንም ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ያስደግማል።

ተመስገን ግን ባለቤት ሊለውጥም ይችላል። ከደባርቅ ተነሥቶ በቧሂት በኩል ተራራውን የተሻገረ መንገደኛ የጃናሞራ ወረዳ ከተማ መካነ ብርሃን ይደርሳል። ደረስጌ ማርያም በዚሁ ወረዳ ናት። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ዘውድ ሊጭኑባት ያሰቡ እሳቸው ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። በቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ያሸነፏቸው ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አንዱ ባነጸው ደጅ ተመስገን ያለው ሌላው ሆነ።

በብራናም እንዲሁ ነው። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 መጨረሻ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ 350 ያህል ጥራዞች ለንደን ደረሱ። መጽሐፍ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በዘረፋ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ስም በቢላዋ አስፍቆ የራሱን ያስገባል። የተፋቀ ብራና ሻካራ ነውና ቀለሙ ይፈሳል፤ ስሙ ከጎረቤቶቹ ፊደላት ወፍሮና ደብዝዞ ይታያል። ከፊቱና ከኋላው ያለው ምስጋና ግን የመጀመሪያው ጸሐፊ እንደጣለው ነው፤ ቢላዋ አልነካውም።