ከጥያቄ በኋላ የምትመጣው የ3 ሰከንድ ዝምታ

መምህር ጠይቆ የሚታገሠው ጊዜ ተማሪው ለማሰብ የሚያገኘውን ዕድል ይወስናል። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እአአ በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ዝምታው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶች ይረዝማሉ፤ መልስ የማይሰጡ ተማሪዎች ቁጥር ይቀንሳል፤ ተማሪዎች ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ።

ይሁን እንጂ ዝምታው የሚጠቅመው ጥያቄው የሚያሳስብ ሲሆን ነው። “የዝናብ ወቅት መቼ ነው?” ትውስታን ብቻ ይፈትናል፤ “ዝናቡ ቢዘገይ ገበሬው ምን ያደርጋል? ለምን?” ግን ምክንያት ይጠይቃል።

ተማሪ በበዛበት ክፍል ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ዝምታው፣ በመጨረሻ የተማሪው ስም። ስም ከቀደመ የተቀሩት ማሰብ ያቆማሉ።