የአማተር ሬዲዮ የአደጋ ጊዜ አገልግሎት

የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ስልክና ኢንተርኔት ሲያቋርጥ፣ ፈቃድ ያላቸው አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተሮች በገዛ መሣሪያቸውና ያለ ክፍያ መልእክት የሚያደርሱበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። አማተሮቹ በአብዛኛው በሌላ ሙያ የሚተዳደሩ፣ ሬዲዮን ለትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች ናቸው፤ በአደጋ ጊዜ የሚያስፈልገውን ልምድም በዋናነት የሚያገኙት ከዚሁ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራር

የእጅ ስልክ ሁለት ሰዎችን የሚያገናኘው በመካከል ያለው ማማ እስከቆመ፣ መብራት እስካለና መስመሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ነው። በአጭር ሞገድ የሚሠራ አማተር ግን ከአንድ ሬዲዮ፣ ከ12 ቮልት ባትሪና በሁለት ዛፎች መካከል ከተወጠረ ሽቦ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለም። ለከተማ ውስጥ ሥራ በ144 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። በተራራማ አገር ደግሞ ሽቦውን ከፍ አድርጎ ከመስቀል ይልቅ ዝቅ አድርጎ መወጠር ይመረጣል፤ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ይነጥርና ዙሪያውን እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በዚህ ዘዴ ተራራው አያግደውም። ቀን ላይ 7 ሜጋኸርዝ፣ ሲመሽ 3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራበታል። ከድምፅና ከሞርስ ሌላ ኢሜይልን በሬዲዮ የሚያሳልፈው ዊንሊንክ የተባለው ሥርዓት ተስፋፍቷል።

አጀማመር

አማተሮች በአደጋ ወቅት መጀመሪያ ያገለገሉት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም። በብዛት የሚጠቀሰው በማርች 1913 የአሜሪካን መካከለኛ ምዕራብ ያጥለቀለቀው ጎርፍ ነው። በኦሃዮ ግዛት እንደ ዴይተን ያሉ ከተሞች በውኃ ሲዋጡና የቴሌግራፍና የስልክ መስመር ሲቆረጥ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና አን አርበር በሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ጣቢያዎች ከአካባቢው አማተሮች ጋር መልእክት ሲያቀባብሉ እንደነበር ይተረካል። ክሊንተን ዴሶቶ በ1936 ባወጣው የአማተር ሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ይህ ጉልህ ስፍራ አለው። መጽሐፉን ያሳተመው ግን የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ራሱ ስለሆነ፣ የቀዳሚነቱን ጉዳይ በጥንቃቄ ማየት ተገቢ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጣቢያን አማተር ማለት ይቻላል ወይ የሚለውም ያከራክራል።

ታሪኩ ለምን እንዲህ እንደተወደደ መገመት አያስቸግርም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 1912፣ ታይታኒክ ስትሰጥም አየሩን አጨናንቀዋል ተብለው የተወቀሱት አማተሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደዳቸው፤ ከ200 ሜትር በታች ወዳለው፣ ለንግድም ለባሕር ኃይልም አይጠቅምም ወደተባለው ሞገድም ገፋቸው። ያ የተናቀ ሞገድ ውቅያኖስ የሚሻገር መሆኑ የታወቀው በ1920ዎቹ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ከረባሽነት ወደ ባለውለታነት የሚያሻግር አንድ ታሪክ ማግኘት ለአማተሮቹ ትልቅ ነገር ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ወደ ጃንዋሪ 1909 ወደኋላ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ሪፐብሊክ የተባለችው መርከብ በጭጋግ ከሌላ መርከብ ጋር ስትጋጭ፣ ኦፕሬተሩ ጃክ ቢንስ በሬዲዮ እርዳታ ጠርቶ አብዛኞቹ መንገደኞች ተርፈዋል። ቢንስ ግን የማርኮኒ ኩባንያ ደመወዝተኛ ስለነበር በዚህ መጣጥፍ ትርጉም አማተር አይባልም።

በማስረጃ ጠንካራ የሆነው የ1928ቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ የተፈጥሮ አደጋ ባይሆንም። ኡምቤርቶ ኖቢሌ የሚመራው ኢታሊያ የተባለው የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ሲመለስ ሜይ 25 በረዶ ላይ ወደቀ። ከአደጋው የተረፈው የሬዲዮ ኦፕሬተር ጁዜፔ ቢያጂ በአንዲት አነስተኛ የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያ ያለማቋረጥ ቢጣራም፣ ለድጋፍ የተመደበችላቸው መርከብ ልትሰማው አልቻለችም። ጁን 3 ጥሪውን ያገኘው ኒኮላይ ሽሚት የተባለ ወጣት የሶቪየት አማተር ነው፤ ያዳመጠውም ቮዝኔሴንዬ ቮህማ በምትባል የገጠር መንደር ሆኖ፣ ራሱ በሠራው መቀበያ ነበር። በጁላይ ክራሲን የተባለችው የሶቪየት በረዶ ሰባሪ መርከብ ደርሳ በሕይወት የቀሩትን አነሳች።

የመልእክት ቅብብል

ሃይራም ፐርሲ ማክሲም በ1914 ከሃርትፎርድ ኮነቲከት ወደ ስፕሪንግፊልድ አንድ መልእክት መላክ ፈልጎ ጣቢያው ያን ያህል አልደርስ አለው፤ በመካከል ያለ ሌላ አማተር ተቀብሎ እንዲያሳልፍለት አደረገ። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር በዚያው ዓመት የተመሠረተው ይህንኑ ቅብብል ለማደራጀት ነው። የዛሬው የአደጋ ጊዜ አሠራርም ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ራዲዮግራም የሚባለው ቅጽ ከቴሌግራም ዘመን ብዙም አልተለወጠም። በራስጌው ላይ የመልእክቱ ቁጥር፣ የአጣዳፊነቱ ደረጃ (ድንገተኛ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው፣ የደኅንነት ጥያቄ ወይም ተራ)፣ የመነሻው ጣቢያ መጥሪያ፣ የቃላቱ ብዛት፣ ቦታ፣ ሰዓትና ቀን ይሰፍራል። ተቀባዩ ጽፎ ሲጨርስ ቃላቱን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ራስጌው ላይ ካለው ካልገጠመ «ደረሰኝ» አይልም፣ ያስደግማል። አቀባባይ ከመልእክቱ አንዲት ቃል እንኳ ማረም አይፈቀድለትም፤ ፊደል ተገድፎ ቢያገኘው እንደተገደፈ ያሳልፈዋል። ለተለመዱ መልእክቶች ደግሞ የቁጥር አጠራር አለ። በአሜሪካ ሥርዓት ቁጥር አንድ «እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን፣ አትስጉ» እንደማለት ነው። አየሩ ሲጨናነቅ ሁለት ቃል ብቻ ተልኮ፣ ቤተሰቡ ዘንድ ሲደርስ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ይነበባል።

ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲሰባሰቡ አንዱ መሪ ይሆናል፤ እሱ ሳይጠራው ማንም አይናገርም። ለጀማሪ በጣም የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው ይባላል።

የአንዳማን ደሴቶች፣ 2004

የሕንድ ግዛት የሆኑት የአንዳማንና ኒኮባር ደሴቶች ለብዙ ዓመታት የአማተር ፈቃድ የማይሰጥባቸው ስለነበሩ፣ ከየአገሩ ጋር መገናኘትን እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ አማተሮች አጥብቀው ይፈልጓቸው ነበር። ሃይደራባድ የሚገኘው ብሔራዊ የአማተር ሬዲዮ ተቋም ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃድ አግኝቶ በዲሴምበር 2004 መጀመሪያ በባራቲ ፕራሳድ የሚመራ ቡድን ወደ ፖርት ብሌር ላከ። ጣቢያው ሆቴል ውስጥ ተተክሎ፣ ቪዩ4አርቢአይ በሚል መጥሪያ ከመላው ዓለም ጋር ሲገናኝ ሰነበተ። ዓላማው ከጨዋታ ያለፈ አልነበረም።

ዲሴምበር 26 ማለዳ ከሱማትራ ማዶ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት የመጣው ሱናሚ ደሴቶቹን ከዋናው ሕንድ ጋር የሚያገናኘውን ስልክ አቋረጠ። ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የምልክት ጥራት ሲለዋወጥ የነበረው ጣቢያ የደሴቶቹ ዋነኛ የመገናኛ መስመር ሆነ። ቡድኑ የባለሥልጣናትንና የቤተሰቦችን መልእክት ወደ ዋናው ምድር ያስተላልፍ ጀመር፤ ከአባላቱም አንዳንዶቹ ክፉኛ ወደተጎዳችው ካር ኒኮባር ተሻግረው ሁለተኛ ጣቢያ ተከሉ። መሣሪያው ተፈትሾ፣ አንቴናው ተተክሎ፣ አድማጩ በየአገሩ ጆሮውን ሰጥቶ የጠበቀው ለአደጋ ተብሎ አለመሆኑ፣ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነትን ከትርፍ ጊዜ ልምምድ ለይተው ለሚያዩ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው።

ሌሎች አጋጣሚዎች

ሜክሲኮ ሲቲ፣ ሴፕቴምበር 1985፦ የመሬት መንቀጥቀጡ የረጅም ርቀት ስልክን ስላቋረጠ አማተሮች ከውጭ አገር ዘመዶች የሚመጣውን ጥያቄ አስተናግደዋል። ፖርቶ ሪኮ፣ 2017፦ ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 ኦፕሬተሮች እንዲላኩለት የአሜሪካ አማተሮች ማኅበርን ጠይቆ 22 ሰዎች ዘምተዋል።

ድርጅቶች

የዓለም አቀፉ አማተሮች ኅብረት በ1925 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። የአሜሪካው ማኅበር የአደጋ ጊዜ ቡድኑን በ1935 አቋቋመ። ሬይኔት የተባለው የብሪታንያ የአደጋ ጊዜ መረብ በጃንዋሪ 1953 መጨረሻ የደረሰው የሰሜን ባሕር ጎርፍ የወለደው ነው። በአትላንቲክ የሚነሱ አውሎ ነፋሶችን በ14.325 ሜጋኸርዝ የሚከታተለው መረብ ከ1965 ጀምሮ ይሠራል።

ሕግ

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 በ2003 ጄኔቫ ላይ ተሻሽሎ፣ አማተሮች በአደጋ ጊዜ የሌላ ሰው መልእክት ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍ እንዲችሉ ፈቀደ፤ መንግሥታትም ለዚህ እንዲያዘጋጇቸው ያበረታታል። ለእርዳታ የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን የጉምሩክና የፈቃድ እንቅፋት ለማንሳት በ1998 የተፈረመው የታምፔሬ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 8 ቀን 2005፣ ሱናሚው ከደረሰ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

አማተር ለአገልግሎቱ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ትርጉሙን ለመሰወር ተብሎ የተመሰጠረ መልእክት ወደ ሌላ አገር መላክም ክልክል ነው። ስለዚህ በአማተር ሞገድ የሚያልፍ ቃል መቀበያ ያለው ሁሉ የሚሰማው ነው። የሟቾችን ስም ወይም የሕሙማንን ጉዳይ በአየር ላይ መናገር የማይመከረው ለዚህ ነው። ሳይጠሩ ወደ አደጋ ቦታ የሚሮጡ በጎ ፈቃደኞችም በየጊዜው ቅሬታ ያስነሳሉ፤ ምግብና መጠለያ የሚሻ ተጨማሪ ሰው ይሆናሉና። የሳተላይት ኢንተርኔት እየረከሰ መምጣቱ ደግሞ የአማተሮቹን ድርሻ ማጥበቡ አይቀርም።

ኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ መጥሪያዎች በኢቲ ይጀምራሉ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የሚገኘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል አገሪቱ ያለችው ከአውሮፓ፣ ከተቀረው አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር በቀጣና 1 ሲሆን፣ በዚህ ቀጣና ለአደጋ ጊዜ መሰባሰቢያ ከተመረጡት ፍሪኩዌንሲዎች መካከል 7110 እና 14300 ኪሎኸርዝ ይገኛሉ። በእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ላይ የሚታየው ረጅም አንቴናም የአጭር ሞገድ ነው፤ ፈቃዱ ግን የተለየ ስለሆነ ከአማተር አገልግሎት አይቆጠርም።